ለየኔታ ጆሮ የሚሆን ቫልቭ

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የአባቴ የድምፅ ማጉያ ጸጥ አለ። አባቴ የጆሮ ማዳመጫውን አውልቀው አገላብጠው አዩትና መልሰው አጠለቁት። ፊት ለፊታቸው የቆመው ተማሪ ዜማውን አላቋረጠም፤ አቁም ያለው አልነበረም። ትንሽ ቆይተው እጃቸውን አነሡ።

"ዓለምብርሃንን ጥሩልኝ" አሉ።

ዓለምብርሃን እኔ ነኝ። ደባርቅ ውስጥ በላቦራቶሪ ባለሙያነት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ። ሥራዬ ደምና አክታ በማይክሮስኮፕ ማየት፣ ያየሁትን መቁጠር፣ የቆጠርሁትን መጻፍ ነው። አባቴ መሪጌታ ገሠሠ የድጓ መምህር ናቸው። እንደ ተማሪዎቻቸው እኔም የምጠራቸው የኔታ ብዬ ነው፤ አባቴ ብያቸው አላውቅም። በአሥራ አራት ዓመቴ ዜማውን ትቼ አስኳላ ከገባሁ ወዲህ የምንነጋገረው ስለ ጣራ፣ ስለ ማገዶና ስለ መድኃኒት ነው። ተጣልተን አይደለም።

ከስምንት ዓመት በፊት ጆሯቸው መክበድ ሲጀምር ከጎንደር የጆሮ መርጃ አመጣሁላቸው። አንድ ሳምንት አደረጉት። "ዶሮውም፣ በሩም፣ ዝናቡም፣ ተማሪውም እኩል ይጮኹብኛል" ብለው መለሱልኝ። ስለዚህ ራሴ ሠራሁላቸው። ከአንድ የቆየ የእንጨት ራዲዮ ትራንስፎርመሮቹንና ቫልቮቹን ነቅዬ በብስኩት ቆርቆሮ ላይ ሰካኋቸው። ቫልቭ አየር የወጣለት ትንሽ ብርጭቆ ነው። ውስጡ ያለው ክር ሲግል ደካማውን ድምፅ ተቀብሎ አጉልቶ ያወጣል። ማይክሮፎኑ በተማሪው አፍ ፊት ይቆማል፣ ማዳመጫው በየኔታ ጆሮ ላይ ይሆናል፣ ቆርቆሮው ከመካከል። ዶሮውና ዝናቡ ውጭ ይቀራሉ። የኔታ በዚህ ዕቃ ሰባት ዓመት አስተማሩ።

ጸጥ ያለበት ጊዜ መጥፎ ነበር። ዓርብ ዕለት የደብሩ አስተዳዳሪ አለቃ ተክለ ማርያም ወደ ቤት መጥተው ነበር። ሰበካ ጉባኤው ሐሙስ ረፋድ ላይ ጉባኤ ቤት ተቀምጦ የኔታ ተማሪ ሲያርሙ ያያል። ከሰሙ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት የተቀመጡበት ወንበር የእሳቸው እንደ ሆነ ይቀጥላል። ካልሰሙ፣ ከጃናሞራ የተገኘ አንድ መምህር ይተካባቸዋል።

"እኛ እርስዎን ለማውረድ ፈልገን አይደለም" አሉ አለቃ፣ በየኔታ ጆሮ ሥር እየጮኹ። "ሰው ያወራል። የማይሰማ መምህር ምን ያርማል ይላል።"

"እውነት ይላል" አሉ የኔታ። "የማይሰማ መምህር ምንም አያርም። ሐሙስ ኑ።"

ቆርቆሮውን ከፈትሁ። መጀመሪያ ያየሁት የድምፅ መቆጣጠሪያው ዘጠኝ ላይ መሆኑን ነው። ስሠራው አራት ላይ ነበር የተውሁት። ይህን በማስታወሻ ደብተሬ ጻፍሁና አለፍሁ። ከዚያ የመጀመሪያውን ቫልቭ አየሁ። ጫፉ ላይ ያለው እንደ መስተዋት የሚያበራ ቅብ ወተት መስሏል። ቅቡ ሲነጣ አየር ገብቷል ማለት ነው። ከእግሮቹ አጠገብ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ አገኘሁ። ቫልቩ ኢሲሲ 83 ይባላል፤ መጠባበቂያ አልነበረኝም።

ደብተሩን ወደ ኋላ ገለጥሁ። በየዓመቱ በታኅሣሥ ወር የቫልቮቹን ጉልበት እየለካሁ እጽፍ ነበር። የመጨረሻው ልኬት የካቻምና ታኅሣሥ ነው። ባለፈው ታኅሣሥ እናቴ ዘቢደር ስለ ሞተች አልለካሁም። ከዚያ ወዲህም አልለካሁም። በዚያ ቦታ ሰንጠረዡን አስምሬ ባዶ ትቼዋለሁ።

ከአዲስ አበባ ለማስመጣት መንገዱ አይታመንም፤ አንድ ሳምንት ይከፈታል፣ ሁለት ሳምንት ይዘጋል። ሰኞ ከሥራ አስፈቅጄ በሚኒባስ ዳባት ወረድሁ። እዚያ ፍቅርአዲስ የምትባል ሞባይል ጠጋኝ አለች። ሟች አባቷ የራዲዮ ጠጋኝ ነበሩ።

"አሁንም ያችን የብስኩት ቆርቆሮ እያስታመሙ ነው ጋሼ?" አለች ገና በሩን ሳልፍ።

"ቫልቭ ተሰነጠቀብኝ።"

"ሌላው ሰው ቻርጀሬ ተሰበረ ብሎ ይመጣል። እርስዎ የአያቴን ዘመን ታቅፈው ይመጣሉ።" ከጠረጴዛው ሥር አንድ ካርቶን በእግሯ ገፍታ አወጣች። "አባቴ 'ይህን አትጣዪ፣ የሚፈልገው ሰው ይመጣል' ይለኝ ነበር። ሰው ያለው አንድ ሰው መሆኑን አልነገረኝም።"

በጋዜጣ የተጠቀለሉ አሥራ አንድ ቫልቮች ነበሩ። አንድ በአንድ ወደ መስኮቱ ይዤ አየኋቸው። ስድስቱ ነጥተዋል። ሁለቱ ሲነቀነቁ ውስጣቸው ይንኳኳል። ሦስት ቀሩ። አንደኛው ኢሲሲ 82 ነው። ሁለቱ በደርግ ጊዜ ከአንድ ካምፕ የተጣሉ የሩሲያ ቫልቮች ናቸው፤ አንደኛው 6Н1П፣ ሌላው 6Н2П። የመጨረሻዋ ፊደል መቃንና ጉበን ብቻ የቀረው በር ትመስላለች።

ፍቅርአዲስ የተሰነጠቀውን ከኢሲሲ 82 ጎን አስተያየችው። "የእርስዎ 83 ነው፣ ይኸው 82። እግራቸው ዘጠኝ ዘጠኝ፣ ቁመታቸው እኩል። ጎረቤት አይደሉም እንዴ? ይሰኩትና ይገላገሉ።"

"ሶኬቱ ላይ ልክ ይገባል። ድምፅ የማጉላት አቅሙ ግን ከዚያኛው አንድ ስድስተኛ ነው።"

"ስድስተኛም ቢሆን ከምንም ይሻላል። ሩሲያዎቹስ?"

"አንዱ ብዙ ኤሌክትሪክ ይጠጣል፤ ትራንስፎርመሬ አይችለውም። ይህ 6Н2П ጉልበቱ ከተሰነጠቀው ጋር እኩል ነው። ማሞቂያው ግን በሌሎች እግሮች ላይ ነው። እንዳለ ብሰካው አይግልም፤ ሽቦውን ፈትቼ እንደገና መበየድ አለብኝ።"

"ቀላሉ ደካማ፣ ብርቱው አስቸጋሪ" አለችና ሁለቱንም በጥጥ ጠቀለለችልኝ። "እንደ ባል ምርጫ ነው። ሁለቱንም ይውሰዷቸው። መሪጌታን እግዜር ይማርዎ በሉልኝ፤ ቢሰሙዎት።"

ማክሰኞ ጠዋት መጀመሪያ ቀላሉን ሰካሁ። ክሩ ቀላ። የኔታ ማዳመጫውን አጠለቁ። ተማሪው ሃብተ ጊዮርጊስ ነበር፤ ሠላሳ ዓመት ሊሞላው የተቃረበ ዲያቆን ነው፤ ከየኔታ እግር ሥር ዘጠኝ ዓመት የቆየና ታናናሾቹን በየኔታ ፋንታ ዜማ የሚያለማምድ። አንድ ገጽ ዘለቀ። የኔታ በመቋሚያቸው መሬቱን እየመቱ ሦስት ቦታ አስቆሙት፣ አስተካከሉት፣ አስቀጠሉት።

"ይሰማል?" ብዬ በማይክሮፎኑ ጠየቅሁ።

"ይሰማል" አሉ። ፊታቸው በራ ማለት ይቻላል። "እግዜር ይስጥህ። ይበቃል።"

ለሌላ ሰው ይበቃው ነበር። እኔ ሃብተ ጊዮርጊስን ወደ ውጭ ጠርቼ አንድ ወረቀት ሰጠሁት። ለሐሙሱ ፈተና በተመረጠው ገጽ አሥር መስመሮች አሉ። በዕጣ ባወጣኋቸው አራት መስመሮች ላይ ሆን ብሎ እንዲሳሳት፣ ስድስቱን አጥርቶ እንዲል ነገርሁት።

"የኔታን ልትፈትናቸው ነው ጋሼ?" አለ። ደስ አላለውም።

"ቫልቩን ነው።"

ከአራቱ ስሕተቶች የኔታ ሦስቱን አረሙ። ጥሩ ውጤት ነው። ነገር ግን ሃብተ ጊዮርጊስ አጥርቶ ባለባቸው ሁለት ቦታዎችም መቋሚያቸውን መቱና አረሙት። ሁለቱም ተማሪ ሁሉ የሚወድቅባቸው ቦታዎች ናቸው። አንደኛው ላይ በልጅነቴ እኔም ተገርፌበታለሁ፤ ቦታውን ለማወቅ መጽሐፍ አላስፈለገኝም።

በላቦራቶሪ ከናሙናዎቹ ጋር ምንም የሌለበትን ንጹሕ ውኃ አብረን እንመረምራለን። ውኃው ውስጥ በሽታ ከታየን በሽታው ያለው በመሣሪያው ነው ወይም በዓይናችን። ወደ ቆርቆሮው ጀርባ ዞርሁና የማይክሮፎኑን ሽቦ ነቀልሁት። ለሃብተ ጊዮርጊስ በእጄ ቀጥል አልሁት። የእሱ አፍ ይንቀሳቀሳል፣ የኔታ አፉን ያያሉ፣ በማዳመጫው ውስጥ ምንም የለም። ሁለት ጊዜ መሬቱን መቱ። ሁለት ጊዜ አረሙት። እርማቱ በቃሉም በዜማውም ትክክል ነበር።

"ውጤት፦ በባዶው ሁለት" ብዬ ጻፍሁ። ሽቦውን መልሼ ሰካሁት።

ሃብተ ጊዮርጊስ እስከ ጽድ ዛፉ ድረስ ተከትሎኝ ወጣ። ከቡይት ራስ ተራራ በኩል የሚመጣው ነፋስ የነጠላውን ጫፍ ፊቱ ላይ ይጥልበታል፤ እሱ ይመልሰዋል።

"አየሁ፤ ነቀልኸው" አለ።

"አዎ።"

"መጽሐፉ በሆዳቸው ነው። የሁላችንንም ድካም ያውቁታል። ማን የት እንደሚሰናከል ከእናታችን ይልቅ ያውቃሉ።"

"ይህ መስማት አይደለም።"

"አለቃ ተክለ ማርያም መቼ ሽቦ ይነቅላሉ? መጥተው ሲያርሙ ያያሉ፣ ጸበል ጠጥተው ይሄዳሉ። ተወው ጋሼ። ይኸኛው ቫልቭ ይበቃል። ሐሙስን እንለፍ።"

"ከሐሙስ በኋላስ?"

"ከሐሙስ በኋላማ እኛ አለን። ምን ሆነህ ነው ደግሞ? አባትህ እኮ ናቸው።"

እውነቱን ነው። ቀላሉን ብተወው የኔታ ወንበራቸው ላይ ይቀራሉ። ብርቱውን ባስገባ ምን እንደሚሰሙ አላውቅም። ማንንም ሳልጎዳ ልተወው የምችል መሰለኝ፤ ይህንንም በደብተሬ ልጽፈው ፈልጌ የምጽፍበት ዓምድ አጣሁ። ያዘንሁ አልመሰለኝም። እናቴ ከሞተች ወዲህ እጄ ላይ ጓንት እንዳለ ሆኖ ነው ነገሮችን የምነካው። ግን ባዶው ሁለት ያሳየበትን መሣሪያ ደኅና ነው ብዬ አስረክቤ አላውቅም።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ የማሞቂያውን ሽቦ ፈታሁ። አብረው የታሰሩትን አራተኛና አምስተኛ እግሮች ለየኋቸው፣ ዘጠነኛውን ከቆርቆሮው ጋር አያያዝሁት፣ በየድሁ፣ በመልቲሜትር ሁለት ጊዜ ለካሁ። 6Н2Пን ሰካሁት። ከሃያ ሴኮንድ በኋላ ክሩ ቀላ። የድምፅ መቆጣጠሪያውን ሦስት ላይ አደረግሁና ማዳመጫውን ለየኔታ ሰጠኋቸው።

"የኔታ፣ ይሰማል?"

ትከሻቸው ዘለለ። ወደ በሩ ዞረው አዩ፤ ከዚያ ወደ እኔ።

"አንተ ነህ?"

"እኔ ነኝ።"

"ድምፅህ ጎርንኗል" አሉ። ማዳመጫውን በሁለት እጃቸው ይዘውታል። "እስከ ዛሬ እንዲህ ነበር የምሰማው?"

"አላውቅም። አልለካሁትም።"

"ለምን?"

"የምለካው በታኅሣሥ ነበር።"

 የቤቱ ጣራ ቆርቆሮ በቅዝቃዜው ሲኮማተር ጣ አለ፤ እሱንም በማይክሮፎኑ በኩል የሰሙት መሰለኝ፤ ወደ ላይ ቀና ብለው ነበርና። አሮጌው ቫልቭ ከመሰንጠቁ በፊት ቀስ እያለ ደክሞ እንደ ነበር ያን ጊዜ ገባኝ። የኔታም በየሳምንቱ መቆጣጠሪያውን በትንሽ በትንሹ እየገፉ ዘጠኝ ላይ አድርሰውታል። ድምፁ በጠፋበት በኩል ትዝታቸው ገብቶ ይሞላ ነበር።

ሐሙስ ረፋድ አለቃ ተክለ ማርያምና አራት የሰበካ ጉባኤ አባላት ጉባኤ ቤቱ ውስጥ በአግዳሚ ተቀመጡ። የኔታ በወንበራቸው፣ ተማሪዎቹ በመሬት። እኔ ከቆርቆሮው አጠገብ ቆምሁ። ሃብተ ጊዮርጊስ ተነሣና ማይክሮፎኑን አየው፣ ከዚያ እኔን። ምን እንዳደረግሁ አልነገርሁትም ነበር።

ጀመረ። የኔታ አንገታቸውን ደፍተው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ዓይናቸውን ሲጨፍኑ ካየሁ ከዓመት በላይ ሆኖኛል። ተማሪ ሁሉ የሚወድቅባቸውን ሁለቱን ቦታዎች ሃብተ ጊዮርጊስ አጥርቶ አለፈ፤ መቋሚያው አልተንቀሳቀሰም። ሰባተኛው መስመር ላይ እጃቸውን አነሡ።

"ድገማት።"

ደገማት። በዚያ ቦታ ድምፁ ተይዞ ትንሽ መቆየት አለበት፤ የዜማ ምልክቱ ይዘት ይባላል። ሃብተ ጊዮርጊስ ይቆርጠዋል። በእኔ ወረቀት ላይ ይህ ስሕተት አልነበረም። ሆን ብሎ ያደረገውም አልመሰለኝም፤ ፊቱ ላይ ጥያቄ ብቻ ነበር።

"ማን እንዲህ በል አለህ?"

"የኔታ፣ እንዲህ ብዬ ነው ያለፍሁት። ከጥር ጀምሮ። እርስዎ ፊት ብያት በርታ ብለውኛል።"

የኔታ ወደ ሌላ ተማሪ ጠቆሙ። እሱም ማይክሮፎኑ ፊት ቆሞ ያችኑ ቦታ ቆረጣት። ሦስተኛው ቆረጣት። አራተኛውም ቆረጣት። ሁሉም የተለማመዱት ከሃብተ ጊዮርጊስ ነው።

"ታደለስ?" አሉ የኔታ።

 ታደለ በትንሣኤ ጨርሶ፣ የኔታ በቅቷል ብለው በራሳቸው ቃል መስክረውለት፣ መካነ ብርሃን ሄዶ በመምህርነት የተቀመጠ ነው።

"ታደለስ ከማን ጋር ነበር የሚለማመደው?"

"ከእኔ ጋር" አለ ሃብተ ጊዮርጊስ።

አለቃ ተክለ ማርያም ጉሮሯቸውን ጠርገው ተነሡ። ደስ ብሏቸው ነበር። "እኛ ያየነውን አይተናል። አንዲት ምልክት ናት፣ እሷንም አንቀው ያዟት። ይህን የሚሰማ ጆሮ ደባርቅ ውስጥ የለም። ወንበሩ የእርስዎ ነው፤ የጃናሞራውን መምህር ይቅርታ እንጠይቀዋለን።"

የኔታ ማዳመጫውን ሳያወልቁ ሰሟቸው፤ አለቃ የቆሙት ማይክሮፎኑ አጠገብ ነበር።

"አትጠይቁት" አሉ። "ይምጣ።"

"እንዴት?"

"ከጥር እስከ ኅዳር እዚህ ተቀምጬ የተሳሳተ አስተምሬአለሁ። አንዱንም ልኬዋለሁ። መካነ ብርሃን ላይ ሕዝብ ፊት ቆሞ ይቆርጣታል፤ ከእሱ የሚማሩትም ይቆርጧታል። ሄጄ እመልሰዋለሁ። ከዚያ ወዲያ ደግሞ መሣሪያው ጆሮዬን የሚከዳበትን ጊዜ አላውቅምና ወንበር ላይ አልቀመጥም።"

"መሪጌታ፣ እኛ እኮ አልወቀስንም። ማንም አላወቀም ነበር።"

"እሱ ነው የከፋው" አሉ የኔታ።

አለቃ ወደ እኔ ዞሩ፣ ልጃቸው ነህና አንድ ነገር በል የሚሉ ይመስላሉ። የቆርቆሮውን ሙቀት በመዳፌ ለካሁ። ደኅና ነበር። ሃብተ ጊዮርጊስ መሬት ላይ ተቀምጦ ነጠላውን በፊቱ ጥሎታል። ከማልቀሱ በቀር ስለ እሱ የምጽፈው አላየሁም።

ከሰዓት በኋላ ቤት ውስጥ የኔታ ለሰበካ ጉባኤው የሚሰጥ ደብዳቤ እንድጽፍላቸው አዘዙኝ። የእሳቸው እጅ ለድጓ ጽሕፈት እንጂ ለደብዳቤ አይሆንም ይላሉ። ጻፍሁ። ከዚያ በማይክሮፎኑ አነበብሁላቸው።

"'...የመስማት አቅሜ በመድከሙ ምክንያት ወንበሩን...'"

"ይህን ሰርዝ።"

"ምን ልበል?"

"ደክሞ በነበረ ጊዜማ ወንበሩ ላይ ነበርሁ። ስሕተቱን ስለ ሰማሁ በል።"

ሰረዝሁና እንዳሉት ጻፍሁ። እንደገና ከላይ እስከ ታች አነበብሁላቸው። አንድም ቦታ አላስቆሙኝም። ፈረሙ፤ ወረቀቱን አጥፌ በጋቢያቸው ሥር አስቀመጥሁላቸው። ቅዳሜ ወደ መካነ ብርሃን ይሄዳሉ። በቅሎ ተለምኗል፤ መንገዱን የሚያውቅ ሰውም ተገኝቷል።

"ሌላኛው ቫልቭ፣ የማክሰኞው" አሉ። "እሱንም ብትተወው ዛሬ ያልፍ ነበር?"

"ያልፍ ነበር።"

ራሳቸውን ነቀነቁ። ለምን አላሉኝም። ማዳመጫው አሁንም ጆሯቸው ላይ ነው።

"የምትለኝ ካለህ በል" አሉ። "እየሰማሁ ነው።"

ማይክሮፎኑ ከአፌ አንድ ስንዝር ይርቃል። ክሩ ቀልቷል፣ መቆጣጠሪያው ሦስት ላይ ነው። የምለውን ፈለግሁ። ትንፋሼ በማዳመጫው በኩል እየደረሳቸው እንደ ሆነ አውቅ ነበር፤ እሳቸውም አላቻኮሉኝም።

"የለኝም የኔታ" አልሁ።

"እሺ" አሉ። "ሰምቻለሁ።"